የ690 ፓውንዱ ኪልት ያዋጣል ወይ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከግላስጎ ነው። ነገሩ ስለ ኪልት ነው፤ የስኮትላንድ ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት የሚያስሩት ሽንሽን ያለው ልብስ። ታርታን የሚባለው ደግሞ ኪልቱ የሚሰፋበት ባለመስመር ጨርቅ ነው፤ ጎሳ ጎሳው የየራሱ ንድፍ አለው። ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጥ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ስኮትላንድ ከገባሁ ቆየሁ። መስከረም ላይ የዚሁ አገር ልጅ ላገባ ነው። የቤተሰቧ ስም ማኬንዚ ነው። አባቷ ኪልት ለብሼ እንዳገባ በጣም ይፈልጋሉ። እኔም ደስ ብሎኛል። የቸገረኝ ዋጋው ነው። ቱሪስት የሚበዛበት ሱቅ ገብቼ ብጠይቅ 45 ፓውንድ አሉኝ። ኢንተርኔት ላይ በልክህ እንሰፋልሃለን የሚሉት 260። አንዲት ኪልት ሰፊ ደግሞ 690 ጠየቀችኝ፤ ጃኬቱና ሌላው ሳይጨመር! ለእኔ ሦስቱም አንድ ናቸው። ጨርቅ ምረጥ ስትለኝም 13 ኦንስ፣ 16 ኦንስ፣ ኤንሸንት፣ ሞደርን እያለች ግራ አጋባችኝ። ለመሆኑ የማኬንዚን ታርታን መልበስ ይፈቀድልኛል? ወይስ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያለበት የራሴን ላሠራ? አራት ሚዜዎችም አሉኝ። እናቴ ደግሞ ‹ልጄ ቀሚስ ለብሶ ሊዳር ነው› ብላ ስልክ ላይ አለቀሰች። ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። መልሴን ከወዲሁ ልንገርህና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ኑሮህ እዚያው ስኮትላንድ ከሆነ የ690ውን አሠራ። ለአንድ ቀን ለብሰኸው ሁለተኛ የማትነካው ከሆነ ተከራይ። የ45ቱን ግን ለሠርግህ አትግዛው።

ሦስቱ አንድ መስለው የታዩህ አይገርምም። በሩቅ ሲታዩ ሁሉም ሽንሽን ያለው ባለመስመር ጨርቅ ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው እጅህ ላይ ሲሆን ነው። እስቲ ወደ ሰፊዋ ተመለስና አንድ ያለቀ ኪልት አሳዪኝ በላት። በመጀመሪያ የታችኛውን ጠርዝ ገልብጠህ እይ። ጥሩ ኪልት ቅምቅማት የለውም። ጨርቁ ከሽመናው ሲወጣ ጠርዙ ራሱ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ሰፊዋም ያንኑ ጠርዝ ወደ ታች አድርጋ ትሰፋዋለች። ለዚህ ነው ሽንሽኑ ጉልበትህ ላይ ሳያብጥ ቀጥ ብሎ የሚወርደው። ርካሹ ኪልት ግን ታጥፎ በማሽን ይቀመቀማል።

ቀጥለህ ጀርባውን እይ። ሽንሽኑ ከወገብ እስከ ዳሌ ድረስ ተሰፍቶ፣ ከዚያ በታች ክፍት ነው። አሁን አንዷን ሽንሽን በጣትህ ተከተላት። ዳሌ ላይ ሰፋ ትላለች፤ ወደ ወገብ ስትወጣ እየጠበበች ትሄዳለች። እንዲህ ያለች ሽንሽን ከሃያ በላይ ናት። እያንዳንዷ ስትታጠፍ የታርታኑ መስመር ከጎረቤቷ ጋር መገጣጠም አለበት። ጥሩ ሰፊ ከሠራችው፣ ያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ታጥፎ ተደብቆ እያለ ከኋላ ስታየው ልክ እንደ ፊቱ ያልተቆረጠ ንድፍ ሆኖ ይታይሃል። ስፌቱ በእጅ መርፌ ነው፤ ጥቃቅንና የተቀራረበ። ከውስጥ ደግሞ ቅርፁን የሚይዝ ጠንካራ ሸራና የጥጥ ገበር አለው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ ሲሠራው ሃያ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። እኔ ይህን ሥራ በጣም አከብረዋለሁ፤ ከፊት ለፊት የማይታይ ብዙ ድካም አለበት።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ባለ 8 ያርድ የሚባለው ሙሉ ኪልት፣ ጨርቁ ድርብ ስፋት ያለው ከሆነ 4 ያርድ ይበላል። ለሁለት ተሰንጥቆ ይቀጠልና 8 ይሆናል። 4 ያርድ ማለት 3.7 ሜትር ገደማ ነው። ጥሩ የሱፍ ታርታን በሜትር ከ50 እስከ 80 ፓውንድ ይሸጣል ብንል፣ ጨርቁ ብቻ ወደ 200 ሊጠጋ ወይም 300 ሊደርስ ይችላል። ሰፊዋ ለቫት የተመዘገበች ከሆነች ደግሞ ከ690ው ውስጥ 115ቱ የመንግሥት ነው። የቀረው 575 ነው። ለጨርቁ 200 ቀንስለት። 375 ቀረ። ከዚያ ላይ ገበሩ፣ የቆዳ ማሰሪያው፣ ዘለበቱና የሱቅ ኪራዩ አለ። ይህን ለሃያ ሰዓት የባለሙያ ሥራ ስታካፍለው ሴትዮዋ እንዳልበዘበዘችህ ይገባሃል። በእጅ ለተሰፋ ባለ 8 ያርድ ኪልት ከ450 እስከ 800 ፓውንድ መጠየቅ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ቤት ከዚያም ያልፋል።

የ45ቱ አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ትንሽ፣ ሽንሽኑ ጥቂት፣ ስፌቱ የማሽን። ከተጠራጠርክ የገዛኸው ጨርቅ ላይ አንድ ክር መዘህ በክብሪት ለኩሰው። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸትሃል፤ ሲነኩትም ብን ይላል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ኳስ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ሆነህ ደግሞ መለያውን አንብብ። ብሪታንያ ውስጥ የሚሸጥ ልብስ ከምን እንደተሠራ መጻፍ ግዴታ ነው። ለእግር ኳስ ጨዋታ ወይም ለአንድ ምሽት ግብዣ እንዲህ ያለው ይበቃል። ሠርግ ላይ ግን አማችህና የእሳቸው እድሜ እኩዮች በአንድ ዓይን ይለዩታል፤ ፎቶውም ዕድሜ ልክ ይኖራል።

የ260ው መሀል ሰፋሪ ነው። በልክህ ይሰፋል ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን በማሽን ይሆናል፤ ያርዱም ብዙ ጊዜ 5 ነው። ጨርቁ ቀላል ሱፍ ወይም ፖሊቪስኮስ፣ ማለትም የፖሊስተርና የቪስኮስ ቅልቅል፣ ይሆናል። ፖሊቪስኮስ መጥፎ አይደለም። በማሽን ይታጠባል፣ ሱፍ የሚያሳክከው ሰውም ይመቸዋል። ገንዘብ ካጠረህ እዚህ ላይ ብትቆም ማንም አይፈርድብህም። እኔ ግን ገንዘብ ካጠረ ከዚህ ይልቅ ያገለገለ ጥሩ ኪልት መፈለግን እመርጣለሁ። ኪራይ ቤቶች አሮጌዎቻቸውን ይሸጣሉ፤ የበጎ አድራጎት ሱቆችም ላይ አንዳንዴ በእጅ የተሰፋ ይገኛል። ያገለገለ ስትገዛ ርዝመቱን አጥብቀህ ተመልከት። ወገቡን ዘለበቱን በማዛወር ትንሽ ማስፋትና ማጥበብ ይቻላል። ርዝመቱ ግን ቅምቅማት ስለሌለው ዝም ብሎ አይለቀቅም።

አሁን ወደ ጨርቁ። ኦንስ የሚሉህ የአንድ ያርድ ጨርቅ ክብደት ነው። 10 እና 11 ቀላሉ ነው። 13 መካከለኛው፣ 16 ከባዱ። ወታደሮች የሚለብሱት ከዚያም ይከብዳል። 16 ኦንስ ማለት በያርድ 450 ግራም ገደማ ነው። አራት ያርዱ 1.8 ኪሎ ይመጣል። ወገብህ ላይ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ሱፍ ታስራለህ ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ግን ክብደቱ ዳሌህ ላይ ስለሚያርፍ አይሰማህም። ጥቅሙ ደግሞ ብዙ ነው። ሽንሽኑ ካውያ እንደገባው ይቆያል፣ ከመኪና ስትወርድ አይጨማደድም፣ ነፋስ ቶሎ አያነሳውም። የስኮትላንድን ነፋስ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ማታ ኬይሊ የሚባለው የስኮትላንድ ጭፈራ ሲጨፈርም ከባዱ ጨርቅ ስትዞር አብሮ ይዞርና በቦታው ይመለሳል።

ስለዚህ ለግላስጎ መስከረም 16 ኦንስ ውሰድ። 13 ኦንስ የምመክርህ አንድ ሁኔታ ላይ ነው። ሠርጉ ኮምቦልቻ ላይ የሚደገም ከሆነና እዚያም ልትለብሰው ካሰብክ 13ቱ ይቀልሃል፤ ሻንጣም አይከብድም። 10 እና 11ን እርሳቸው። ስትቀመጥ ይጨማደዳሉ፣ ሽንሽናቸውም ቶሎ ይላላል።

ጨርቁን ወደ መስኮት ወስደህ በቀን ብርሃን እየው። የታርታን ሽመና ቀላል ደንብ አለው። ማጉ በሁለት ድር ላይ ያልፍና በሁለት ድር ሥር ይገባል፤ በየረድፉ አንድ ክር እየተዛወረ ስለሚሄድ ጨርቁ ላይ የሰያፍ መስመር ታያለህ። የቀለሙ ቅደም ተከተል በድሩም በማጉም አንድ ነው። ለዚህ ነው አረንጓዴው ከአረንጓዴ ጋር ሲገናኝ ድፍን አረንጓዴ፣ ከሰማያዊ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ቅይጥ የሚሆነው። ሰያፉ ጥርት ብሎ ከታየህ፣ ጨርቁም በጣትህ ስትጨብጠው ጠጠር ካለ ጥሩ ነው። ጨብጠህ ስትለቀው ቶሎ የሚመለሰውን ውሰድ።

ኤንሸንትና ሞደርን ያለችህ የቀለም ጉዳይ ብቻ ነው። ታርታኑ ያው ነው። ሞደርን የሚባለው ደማቅና ጠቆር ያለ ነው። ኤንሸንት ፈዘዝ ይላል፤ የድሮ የዕፅዋት ማቅለሚያ እንዲመስል ተብሎ የተቀለመ ነው። ዌዘርድ የሚሉት ደግሞ ፀሐይና ዝናብ የበላው ይመስል ወደ ቡኒና ግራጫ ያዘነበለ ነው። ስክሪን ላይ አትምረጥ፤ ቀለሙ ያታልልሃል። የናሙና ቁራጭ ጠይቅ፤ አብዛኛው ሰፊ አለው። ሎክካሮን፣ ሃውስ ኦቭ ኤድጋርና ማርተን ሚልስ የሚባሉት ሸማኔ ቤቶች ብዙ ታርታን በመጋዘን ይይዛሉ። ሁለቱ የስኮትላንድ ናቸው፤ ማርተን ሚልስ ግን እንግሊዝ ዮርክሻየር ውስጥ ነው። የስኮትላንድ ሥራ ብቻ ነው የምፈልገው ካልክ ሁለት ነገር ለየብቻ ጠይቅ፤ ጨርቁ የት ተሸመነ፣ ስፌቱስ የት ተሰፋ? ጨርቁ ከስኮትላንድ ሆኖ ስፌቱ ሌላ አገር የሆነ ይኖራል።

የማኬንዚን ነገር በተመለከተ፣ የሚከለክልህ ሕግ የለም። ታርታን የሚመዘገብበት የመንግሥት መዝገብ አለ። የስኮትላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሕግ ተቋቁሞ በ2009 ሥራ ጀመረ። ኢንተርኔት ላይ ማንም በነፃ ያየዋል። መዝገቡ ንድፍ ይመዘግባል እንጂ ማን ምን ይልበስ አይልም። በልማድ እንደ ክልክል የሚታየው ባልሞራል የሚባለው የንጉሣዊው ቤተሰብ ታርታን ነው። ለአንተ የሚቀረው የአክብሮት ጉዳይ ነው። አማችህ ጋ ሂድና «አባባ፣ የእናንተን ታርታን ብለብስ ደስ ይልዎታል?» ብለህ ጠይቃቸው። ስጠረጥር፣ ኪልት ልበስ ሲሉህ በልባቸው ያሰቡት ይህንኑ ነው። ማኬንዚ ቆንጆ ነው፤ ጠቆር ያለ አረንጓዴና ሰማያዊ ላይ ነጭና ቀይ ቀጫጭን መስመር አለው። የሲፎርዝ ሃይላንደርስ ክፍለ ጦርም የሚለብሰው እሱን ነበር። በጣም የታወቀ ስለሆነ በሁሉም ኦንስ አይጠፋም፤ ይህ ዋጋውን ይረዳሃል።

ደግሞም ይህ የጎሳ ታርታን ሥርዓት አንተ እንደምትፈራው ከጥንት ከመሠረቱ የተዘጋ አይደለም። ከኩሎደን ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1746 በወጣ ሕግ የሃይላንድ፣ ማለትም የስኮትላንድ ተራራማ አገር፣ ወንዶች ይህን ልብስ እንዳይለብሱ ታግደው ነበር። ለሠራዊቱ ግን ተፈቅዶ ነበር። እገዳው የተነሳው በ1782 ነው። ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ በ1822 ኤዲንብራ ሲመጣ ደራሲው ዋልተር ስኮት አቀባበሉን በታርታን አደመቀው፤ ንጉሡም ራሱ ኪልት ለበሰ። ከዚያ ወዲህ ነው ይህ ታርታን የእገሌ ጎሳ ነው የሚለው ነገር የጠነከረው። ለማንኛውም አማችህ ካቅማሙ ብላክ ዎች የሚባል ታርታን አለልህ፤ ማንም ይለብሰዋል። ወይም የምትኖርበትን የግላስጎን ታርታን ውሰድ።

አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያለበት የራስህን ማሸመን ይቻላል። እኔ ግን ለዚህ ሠርግ አልመክርህም። ሸማኔ ቤቱ ለአንተ ብቻ ድሩን አዘጋጅቶ ሽመናውን ሲጀምር ለጥቂት ሜትር የሚያስከፍልህ ከመጋዘን ጨርቅ በጣም ይበልጣል፤ ወራትም ይፈጃል። ለመስከረም ላይደርስልህ ይችላል። ቀለማችን እንዲታይ ከፈለግክ በትንሽ ገንዘብ ይሆናል። ካልሲው ላይ ከጉልበት በታች የሚንጠለጠሉ ሁለት ሁለት ሪባኖች አሉ፤ ፍላሽ ይባላሉ። እነሱን በፈለግከው ቀለም ታሠራለህ። ክራባቱን ደግሞ ከሽሮ ሜዳ በሚመጣ ጥበብ አሰፋ። ለሚዜዎችህም ተመሳሳይ ክራባት ይሁን። ከአረንጓዴው ማኬንዚ ጋር ሲሄድ ሳስበው ራሱ ደስ ይለኛል።

ለሚዜዎቹ አትግዛ፤ ተከራይ። ሙሉ ልብስ ከነጃኬቱ፣ ከነጫማውና ከነስፖራኑ በአብዛኛው ከ60 እስከ 120 ፓውንድ ይከራያል። ስፖራን ያልኩህ ከፊት የሚንጠለጠለው የቆዳ ቦርሳ ነው። ኪልት ኪስ ስለሌለው ስልክህም የቀለበቱ ሳጥንም የሚገቡት እዚያ ነው። የሚዜዎቹ ታርታን ከአንተ ጋር ካልገጠመ አትጨነቅ። እንዲያውም ሙሽራው ቢለይ ጥሩ ነው። አንተም ኪልቱን አሠርተህ ጃኬቱንና ሌላውን ብትከራይ ወጪው ይቀልልሃል። ጃኬት፣ ስፖራንና ጫማ ቀስ እያልክ በየዓመቱ ትገዛለህ። ኪልቱ ይቆይሃል።

የእናትህን ነገር ቀላል አላደርገውም። እናት ናቸው፤ ልጃቸው ሰው አገር ሲዳር ማልቀሳቸው ለኪልቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ግን የኮምቦልቻ ሰው ናቸው አይደል? ሽርጥ ያገለደመ ጎልማሳ በገበያ ቀን ሲያልፍ ስንቴ አይተዋል? ኪልትም ለዚያ አገር ወንድ እንዲሁ ነው በላቸው። ቀሚስ ብሎ የሚጠራው የለም። በቪዲዮ ደውልላቸውና የጨርቁን ናሙና አሳያቸው። ከሁለቱ ቀለም የቱ ይሻላል ብለህ አስመርጣቸው። ለመልሱ ደግሞ ካባው የእሳቸው ምርጫ ይሁን። ልጄ የእኛንም ይለብሳል ካሉ ልባቸው ያርፋል። አማችህም መልሱ ላይ የአገር ልብስ ይልበሱ፤ እሳቸው ያለበሱህን አንተም ታለብሳቸዋለህ።

ልኬትን በተመለከተ፣ የጂንስህን ቁጥር እንዳትሰጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኪልት የሚታሰረው ከጂንስ ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ወገብህ ይሰፋል። ሰፊዋ በራሷ ሜትር ትለካህ፤ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት። ቀጥ ብለህ ቁም፣ ፊት ለፊት ተመልከት። ወደ ታች ካየህ ወገብህ ይታጠፍና ልኩ ይሳሳታል። ጫፉ ጉልበትህ መሀል ወይም ከጉልበትህ በላይ ጥቂት ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ከወረደ አጭር ያስመስልሃል። ለሠርጉ ብለህ ክብደት ለመቀነስ ካሰብክ አሁኑኑ ንገራት፤ የዘለበቱን ቦታ አስባበት ትሰፋለች።

አሁን በዚህ ሳምንት አማችህን ጠይቃቸው። ቀጥለህ ሰፊዋ ጋ ሂድና ማን እንደሚሰፋው፣ በእጅ ይሁን በማሽን፣ የየት ሸማኔ ጨርቅ እንደሆነ፣ ስንት ያርድ እንደሚገባ፣ ቫቱ ዋጋው ውስጥ መኖሩንና መቼ እንደሚደርስ ጠይቃት። እሷ መልስ የማትሰጥህ ከሆነ ሌላ ሰፊ ፈልግ። የበጋ የሠርግ ወራት ስለሚጨናነቁ ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳሉ፤ አንተ ደግሞ ከሠርጉ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት በእጅህ እንዲገባ አድርግ። አንድ ነገር እወቅ። ኢንተርኔት ላይ የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚለው ሕግ በልክህ ተሰፍቶ ለመጣ ልብስ አይሠራም። ተበላሽቶ ወይም ከትእዛዝህ ተለይቶ ከመጣ ግን መብትህ አለ። ስለዚህ ቀብዱን ስትከፍል በክሬዲት ካርድ ክፈል። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ስለሆነ፣ ከፊሉን ብቻ በካርድ ብትከፍል እንኳ ባንኩ አብሮ ይጠየቃል። የታርታኑን ስም ከነቀለሙ፣ ኦንሱን፣ ያርዱን፣ በእጅ መሰፋቱንና የሚደርስበትን ቀን ደረሰኙ ላይ አስጽፍ።